ራክ ለማን ያዋጣል? ከወረታ ሜዳ እስከ ደብረ ታቦር ደጋ

ከደብረ ታቦር ወይም ከወረታ ተነሥቶ ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ የሄደ ነጋዴ፣ ቃሊቲ አካባቢ ከሚገኙት ትልልቅ መጋዘኖች ወደ አንዱ ጎራ ካለ ዓይኑ ወለሉ ላይ አይቆይም፤ ሽቅብ ይወጣል። እስከ ጣሪያው የቆመው የብረት መደርደሪያ፣ በየደረጃው የተቀመጠው ፓሌት፣ በመካከሉ የሚሽከረከረው ፎርክሊፍት ልቡን ይወስደዋል። «እኔስ ይህን ሁሉ ባዶ አየር ለምን በጣሪያ ከድኜ አስቀመጥሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ደላላው ደግሞ ከአጠገቡ አይጠፋም። «ጋሼ፣ ራክ ያስገቡበት እንደሆነ መጋዘንዎ ሦስት እጥፍ ይይዛል» ይለዋል።

ይህች «ሦስት እጥፍ» የምትባለው አነጋገር ለአንዳንዱ ነጋዴ እውነት ናት። ለብዙው የደቡብ ጎንደር እህል ነጋዴ ግን ተገልብጣ የምትነበብ ናት፤ ራኩን ሲያስገባ የመጋዘኑ የመያዝ አቅም ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊወርድበት ይችላል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያው መነሻ 6 ሜትር የሆነ መጋዘን አለ እንበል። ስፋቱ 600 ካሬ ሜትር ነው። እህል በጆንያ ወለል ላይ የሚከምር ሰው ከአራቱም ግድግዳዎች አንድ አንድ ሜትር ይለቃል፤ መሐል መሐሉን መተላለፊያ ያወጣል። ለክምር የሚተርፈው 400 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ክምሩ 4 ሜትር ከፍ ቢል 1,600 ሜትር ኩብ ይሆናል። በጆንያ የተሞላ ስንዴ አንዱ ቶን 1.6 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል ተብሎ ቢሰላ፣ መጋዘኑ 1,000 ቶን፣ ማለትም 10,000 ኩንታል ይይዛል። ጥንቃቄ የሚወድ ሰው ክምሩን 3 ሜትር ተኩል ላይ ቢያቆመው እንኳ ከ8,700 ኩንታል አያንስም።

አሁን ደግሞ በዚያው መጋዘን ውስጥ ራክ እንትከል። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት እያንዳንዱ ፓሌት ለብቻው የሚወጣበትና የሚገባበት ተራ ራክ ነው። ቋሚዎቹ በመደዳ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ጥንድ ጥንድ አግዳሚ ብረት ይገባል፤ ፓሌቱ በአግዳሚዎቹ ላይ ይቀመጣል። ተራ ፎርክሊፍት በመደዳዎቹ መካከል ዞሮ ዕቃ ለማንሣት 3 ሜትር ተኩል ያህል መተላለፊያ ይፈልጋል። በ20 ሜትር ወርድ ውስጥ ሦስት መተላለፊያና ስድስት የራክ መደዳ ይገባል። ለበርና ለዕቃ መረከቢያ 6 ሜትር ብንተው፣ በቀሪው 24 ሜትር ርዝመት እያንዳንዱ መደዳ በአንድ ደረጃ 20 ፓሌት ይይዛል። ስድስቱ መደዳ 120 ይሆናል። ወለሉን ጨምሮ ሦስት ደረጃ ቢኖር 360 ፓሌት ነው። አንድ ሜትር በሜትር ከሃያ በሆነ ፓሌት ላይ አሥር ኩንታል ቢጫን ጠቅላላው 3,600 ኩንታል ነው።

10,000 እና 3,600! ነጋዴው ገንዘብ አውጥቶ 6,000 ኩንታል የሚያህል ቦታ አጣ ማለት ነው። ቦታው የት ገባ ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ፎርክሊፍቱ መሄጃ ይፈልጋል። ጆንያ በጆንያ ላይ ሲከመር ግን ራሱ የራሱ መደርደሪያ ነው።

የእህል መጋዘኖች ለብዙ ዘመን ራክ ሳይኖራቸው የኖሩት ባለማወቅ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም ሆነ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ተብሎ የተተካው እህሉን በጆንያ እየከመረ ነው ያስቀመጠው። ወረታም ለአስቸኳይ ጊዜ የመጠባበቂያ እህል መጋዘን ከተሠራባቸው የአገሪቱ ከተሞች አንዷ ናት። ሌላም ምክንያት አለ። ነቀዝ ሲገባ ክምሩ አየር በማያሳልፍ ሸራ ተሸፍኖ፣ ጠርዙ በአሸዋ ከረጢት ተጠቅጥቆ በፎስፊን ጋዝ ይታጠናል። አራት ማዕዘን የሆነ ክምር ለሸራ ይመቻል፤ በቋሚና በአግዳሚ የተወጠረ ራክ ግን አይሸፈንም፤ ከተባለም መጋዘኑን በሙሉ ማሸግ ነው። ከሞቃቱ የፎገራ ሜዳ የገባ እህል ደግሞ ከጉና ሥር ከመጣው የደጋ ገብስ ይልቅ ቶሎ ለነቀዝ የሚጋለጥ በመሆኑ፣ የወረታ ነጋዴ ይህን ጉዳይ ከደብረ ታቦሩ ይበልጥ ያስብበታል።

እንግዲህ ለእህል ነጋዴ የሚያስፈልገው ራክ ሳይሆን ደህና የወለል ርብራብ ነው። ጆንያው ሲሚንቶውን እንዳይነካ፣ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ርብራብ ይበቃል። በክረምት ርጥበት ከወለል ወደ ጆንያ የሚወጣው ሳይታወቅ ነው።

ታዲያ ራክ ለማን ነው?

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባውን፣ ሰዉ «የቻይና መንገድ» የሚለውን መንገድ እናስብ። ከደጋው ድንች፣ ገብስና ስንዴ፣ ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ይወጣል። ወደ ደጋው የሚወጣው ጭነት ግን ሌላ መልክ አለው። ዘይት፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ደብተር፣ ባትሪ፣ ቀለም፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የእንስሳት መድኃኒት ነው። አንዱ ነጋዴ አርባና ሃምሳ ዓይነት ዕቃ ይይዛል። ካርቶኑ ከላዩ ሌላ ፓሌት ሲጫንበት ይጨፈለቃል። የብስኩቱ ጊዜ ያልፋል። ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ማውረድ ግድ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው የፊቱን እያወጣ ይሸጣል፤ የኋላው እዚያው ያረጃል።

በዚህ መጋዘን ውስጥ ስሌቱ ይገለበጣል። በካርቶን የተሞላ ፓሌት አንዱን ባንዱ ላይ መጫን የማይቻል ከሆነ፣ ያ 600 ካሬ መጋዘን በተመሳሳይ የመተላለፊያ አወጣጥ ወለሉ ላይ የሚይዘው 120 ፓሌት ብቻ ነው። በራክ 360 ይሆናል። የደላላው «ሦስት እጥፍ» እዚህ ላይ እውነት ሆነ። ዕቃው ሁለት ደረጃ መደራረብን የሚችል ከሆነ ደግሞ ወለሉ 240 ይይዛል፤ የራክ ትርፉ ወደ 120 ፓሌት ይወርዳል፤ ግን በራኩ ላይ 360ውም ያለምንም መገለባበጥ ይወጣሉ። ገዢው የሚከፍለው ለቦታው ብቻ አይደለም፤ የፈለገውን ፓሌት በፈለገው ሰዓት ለመድረስ ነው። ራክ ለመግዛት ያሰበ ሰው «ስንት ኩንታል አለኝ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ስንት ዓይነት ዕቃ አለኝ? ስንቱስ ጊዜው ያልፋል?» ቢል ይሻለዋል።

በአገራችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ በየክልሉ ባሉት ቅርንጫፍ መጋዘኖቹ የፓሌት ራክ ይጠቀማል። መድኃኒት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ካርቶኑም ክብደት አይችልም። የምርት ገበያውን መጋዘን ብንመለከት ግን ከሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይቱ ከተጀመረ ወዲህም ቢሆን ምርት በጆንያ እየተከመረ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም ዘመናዊ ሥርዓት ናቸው፤ ልዩነቱ የዕቃው ጠባይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው። ራክ መሬትን በገንዘብ የመተካት ዘዴ ነው። መሬት በተወደደበት ከተማ ወደ ላይ መውጣት ያዋጣል፤ መሬትና ኪራይ በረከሰበት ደግሞ ወደ ጎን መስፋት ይቀላል። ነጋዴው ሊሠራው የሚችለው ቀላል ሒሳብ አለ። የራኩን ዋጋ ያገለግላል ተብሎ ለሚታሰበው ዓመት ያካፍል፤ በዚያ ላይ የባንኩን ወለድ፣ ጥገናውን፣ ፎርክሊፍት አዲስ የሚገዛ ከሆነም የእርሱን እርጅና፣ ነዳጁንና የሾፌሩን ደመወዝ ይደምር። ይህ የዓመት ወጪው ነው። በሌላው ወገን ራኩ የጨመረለትን ፓሌት ወለል ላይ ለማስቀመጥ ምን ያህል መጋዘን መከራየት እንደነበረበት ይመልከት። ከላይ ባየነው ምሳሌ 120 ተጨማሪ ፓሌት ሁለት ሁለት ተደራርቦ 300 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። የ300 ካሬ ሜትር የዓመት ኪራይ ከራኩ ወጪ ካነሰ፣ ራኩ ይቅር። ቃሊቲ ላይ ያዋጣ ሥራ ደብረ ታቦር ላይ ላያዋጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የራኩ ዋጋም የቆመ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ራክም ፎርክሊፍትም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ በመሆናቸው ከዚያ በፊት የተሠራ የአዋጭነት ጥናት በእጁ ያለው ባለሀብት እንደገና ቢያሰላ ይበጀዋል።

የመንገዱም ነገር አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫን ይዞ ደብረ ታቦር ድረስ የመድፍ ድምፅ ሲያሰማ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ ግጭት ሲነሣ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መጋዘን ወይ ባዶውን ይውላል ወይ ሞልቶ ይቆማል። የራክ ጥቅሙ ዕቃው በመመላለሱ ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ ዕቃ ወለል ላይ ቢቀመጥ ምን ቀረበት? ወለዱ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ መላውን መጋዘን በአንድ ጊዜ ከመሙላት በአንድ ጥንድ መደዳ ጀምሮ ሥራው ሲያድግ መቀጠል የተሻለ ነው። በቡሎን የሚገጣጠም ራክ ለዚህ ይመቻል፤ ይፈታል፣ ይጓዛል፣ ይሸጣል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ንብረት ለብድር መያዣነት የሚቀርብበት ሕጋዊ መንገድ መኖሩንም ባለሀብቱ ከባንኩ ጋር ሲነጋገር ሊያነሣው ይችላል።

ፎርክሊፍት የሌለው፣ ለመግዛትም ያላሰበ ሰው ስለ ፓሌት ራክ ባያስብ ይሻላል። በጫኝና አውራጅ ትከሻ የሚሠራ መጋዘን የሚያስፈልገው በእጅ የሚደረስበት፣ ከሰው ቁመት ብዙ ያልራቀ መደርደሪያ ነው፤ ይህንን የአገር ውስጥ ብረታ ብረት ቤት በሚገባ ይሠራዋል። ፎርክሊፍት የሚገዛ ደግሞ ሁለት ነገር ያስተውል። አንደኛ፣ «ሁለት ቶን ተኩል ያነሣል» የተባለው ማሽን ያን ያህል የሚያነሣው ዝቅ ባለ ከፍታ ነው፤ ሹካው አራትና አምስት ሜትር ሲወጣ የሚችለው ክብደት ይቀንሳል፤ ልኩ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲወርድ የነበረው ጉልበት ደጋው ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም። በባትሪ የሚሠራው ከዚህ ነፃ ነው፤ ግን መብራት ሲጠፋ ቻርጅ አይደረግም።

አሁን ወደ ወለሉ እንውረድ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። አራት ሜትር የተከመረ ጆንያ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ሁለት ቶን ተኩል ያህል ይጭናል፤ ይህም ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሩብ ኪሎ ብቻ ነው። ራክ ግን ጭነቱን በቋሚው እግር ሥር ባለች ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያሳርፈዋል። ከላይ ባየነው ምሳሌ አንዱ እግር ሁለት ቶን ያህል ይሸከማል። ብረቷ 10 በ12 ሴንቲ ሜትር ብትሆን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ16 ኪሎ በላይ ነው። ከጆንያው ክምር ጋር ሲነጻጸር ከ60 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ለእህል ተብሎ የፈሰሰ ቀጭን የሲሚንቶ ወለል ጆንያውን ለዓመታት ተሸክሞ ኖሮ ራኩን ሲያቆሙበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

በዚህ ረገድ ወረታ የበለጠ ታሳስባለች። የፎገራ ሜዳ ጥቁር ኮትቻ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ተቆርጦ ሳይወጣና በደህና ሙሌት ሳይተካ የተሠራ ወለል ከወቅት ወቅት ይነሣል፣ ይወርዳል። ወለሉ በአንድ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሰጥም አምስት ሜትር የቆመ ራክ ጫፉ ላይ ብዙ ያዘነብላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀለቁበትን ጊዜ የሚያስታውስ ነጋዴ ደግሞ ታችኛውን ፓሌት ወለል ላይ ከማሳረፍ ይልቅ ዝቅ ባለ አግዳሚ ላይ ቢያነሣው አይፈረድበትም። ወጪው አንድ ጥንድ አግዳሚ ነው።

እያንዳንዱ እግር ወለሉ ውስጥ በቡሎን መታሰር አለበት። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሕንፃ ሲያወዛውዝ፣ ያልታሰረ ራክ ያለው ባለመጋዘን ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ደቡብ ጎንደር ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ያለ ነው፤ ቡሎኑ ግን በዋነኛነት የሚከላከለው ከፎርክሊፍት ግጭት ነው፤ ይኼ ደግሞ የትም አለ።

ስለ ፓሌት እናውራ። ደጋው ባሕር ዛፍ ሞልቶታል፤ ፓሌት እዚያው ማሠራት ርካሽ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ወለል ላይ ቢጣመም ጉዳት የለውም። ራክ ላይ ግን ፓሌቱ የሚያርፈው በሁለት አግዳሚ ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ጣውላ ቢሰበር አንድ ቶን ጭነት በሰው ራስ ላይ ይወርዳል። እንጨቱ ይድረቅ፤ ሁሉም ፓሌት በአንድ ልክ ይሠራ፤ ይህ ካልተቻለ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል የድጋፍ ብረት ወይም ሽቦ ወንፊት ይግባ። ለራክ የሚያወጣውን ሁሉ አውጥቶ በፓሌት ላይ የሚሰስት ነጋዴ ያስገርመኛል።

ዋጋውን ለመቀነስ ሲባል ራኩን ከቱቦላሬ ማስበየድ የሚያስቡ አሉ። ለካርቶን መደርደሪያ ይሁን። ቶን ለሚሸከም ግን በመሐንዲስ ያልተሰላ ብየዳ ቁማር ነው። ፋብሪካው የሠራው ራክ የጭነት ሠንጠረዥ አለው፤ አግዳሚዎቹ በጥንድ ስንት ኪሎ፣ ቋሚው በጠቅላላ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይገልጻል። በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የቋሚው አቅም የመጀመሪያው አግዳሚ ከወለል በሚርቀው ልክ ይወሰናል። ሠራተኛው ከሥር ትልቅ ዕቃ ለማስገባት ብሎ አግዳሚውን ወደ ላይ ቢያነሣው፣ ብረቱ ያው ሆኖ ሳለ የሚችለው ክብደት በእጅጉ ይወርዳል። አሮጌ ራክ ያለ ሠንጠረዥ ሲቀርብ የሚገዛው ብረት እንጂ ራክ አይደለም፤ ዋጋውም የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሁን።

ሻጩ ሌሎችንም ዓይነቶች ይዞ ይመጣል። ፎርክሊፍቱ ውስጡ ድረስ የሚገባበት ራክ መተላለፊያ ስለሚያስቀር ብዙ ይይዛል፤ ግን የመጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል፣ ሾፌሩም ቋሚውን ይመታል። አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ዕቃ ብቻ ለሚያከማች የቢራ ወይም የስኳር አከፋፋይ እንጂ ለአርባ ዓይነት ነጋዴ አይሆንም። ቀሪዎቹ ለኛ ገበያ ገና ናቸው።

ድንቹስ? የደቡብ ጎንደር ደጋ ድንች ነጋዴ ከሁሉ ቀድሞ መደርደሪያ የለመደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንደ በለጠና ጉደኔ ያሉትን ዝርያዎች ለዘር የሚያቆየው ገበሬ ከባሕር ዛፍ ርብራብ በተሠራ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ድርብ አድርጎ ይዘረጋዋል። ፀሐይ የማያገኘው፣ ብርሃን የሚያገኘው ዘር አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። ለምግብ የሚሸጠው ድንች ግን በዚያ ቤት ቢቀመጥ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፤ እርሱ ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይሻል። ለሁለቱም የብረት ራክ አያስፈልግም። ድንች በጆንያ ጠቅጥቆ ራክ ላይ የሚሰቅል ነጋዴ የመሐሉን በሽታ ፎቅ ላይ አወጣው ማለት ነው።

ከተተከለ በኋላ ያለውን ጉዳይ በተመለከተ አውሮፓውያን በኢኤን 15635 ደረጃቸው ያስቀመጡት መለኪያ ለኛም ይሠራል። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ብረት በቋሚው ላይ ይለጠፋል። ቋሚው በመደዳው አቅጣጫ ከ5፣ በጥልቀቱ አቅጣጫ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ ይጠገናል፤ ጭነቱ ከወረደም በኋላ ሳይጠገን መልሶ አይጫንበትም። ጉብጠቱ የዚህን እጥፍ ካለፈ ጭነቱ ያኔውኑ ይወርዳል። ይህን በየሳምንቱ የሚያይ አንድ ሰው በስም ይመደብ። የተጎዳ ቋሚ በእሳት ተቃንቶ ወይም ተበይዶ አይመለስም፤ ይለወጣል። የአንዱ ፋብሪካ አግዳሚ ከሌላው ቋሚ ጋር ስለማይገጥም መለዋወጫው ከዚያው ፋብሪካ መምጣት አለበት፤ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ በማግሥቱ አይገኝም። በመጀመሪያው ግዢ ላይ ሁለት ሦስት ቋሚ፣ ጥቂት አግዳሚና አንድ ካርቶን የማቆለፊያ ፒን ተጨምሮ ይታዘዝ፤ ከክፍያውም የተወሰነው ተከላው አልቆ የጭነት ሰሌዳው ራኩ ላይ እስኪለጠፍ ይያዝ።